ግልጽ ደብዳቤ፦ የአዲሱ ስታዲየም ንድፍ አርማታ ሳይሞላ ይታረም

ለአዲሱ ስታዲየም ግንባታ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት
ለዲዛይን አማካሪው ድርጅት

ጉዳዩ፦ የተመልካች ምቾትን የሚመለከቱ የንድፍ ስህተቶች እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና የአማካሪው ድርጅት ባለሙያዎች፦

እኛ የደጋፊ ማኅበራት የጋራ ኮሚቴ አባላት፣ ለ24,000 ተመልካች የታቀደው ክፍት የእግር ኳስ ስታዲየም ንድፍ መጽደቁንና የመሠረት ቁፋሮው ሊጀመር መሆኑን ያሳወቃችሁበትን መግለጫ ከነንድፍ ወረቀቶቹ ተመልክተናል። ንድፉ ሲዘጋጅም ሆነ ሲጸድቅ ደጋፊዎች አልተጠየቁም። ከአባሎቻችን መካከል አርክቴክቶች፣ የግንባታ መሐንዲሶችና በጨዋታ ቀን የተመልካች ፍሰት የሚያስተባብሩ ባለሙያዎች ስላሉ ወረቀቶቹን ገጽ በገጽ አይተን ስሌቱን ሠርተናል። ስለ ፊት ለፊቱ መስታወት ወይም ስለ ምሽት መብራቱ ቀለም የምንለው የለም። የሚያሳስበን ወደ ውስጥ የገባው ሰው ጨዋታውን ማየት፣ ከፀሐይና ከዝናብ መጠለል፣ በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ፣ ሲያልቅም በሰላም መውጣት መቻሉ ነው። አሁን ባለው ንድፍ አብዛኛው ተመልካች እነዚህን አያገኝም።

አንደኛና ዋናው ቅሬታችን እይታን ይመለከታል።

ከኋላ የተቀመጠ ተመልካች በቅርቡ የጎን መስመር ላይ ያለችውን ኳስ ሲያይ፣ የእይታው መስመር ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ዓይን በላይ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ በሙያው «ሲ ቫልዩ» በሚባለው ልክ ይሰላል። ከሰው ዓይን እስከ አናቱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልኩ 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተመልካቹ ከፊቱ ካለው ሰው አናት በላይ ያያል። 90 ለእግር ኳስ ጥሩ የሚባለው ነው፤ አንገትን ጥቂት ቀና ማድረግ ይበቃል። 60 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፤ እዚህ ላይ ተመልካቹ በፊተኞቹ ጭንቅላቶች መካከል እያሾለከ ነው የሚያየው።

ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። የፊተኛው ሰው ዓይን ከሜዳው ባለው ከፍታ ላይ የአንድ ረድፍ ከፍታ ይደመራል። ድምሩ የፊተኛው ሰው ከጎን መስመሩ ባለው አግድም ርቀት ይባዛል። ከዚያ ይኸው ርቀት ከአንድ ረድፍ ጥልቀት ጋር ተደምሮ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል፤ በመጨረሻም የፊተኛው ሰው የዓይን ከፍታ ይቀነሳል።

በእናንተ ንድፍ በጎን ትሪቡኖች የመጀመሪያው ረድፍ ከጎን መስመሩ 15 ሜትር ይርቃል። የዓይን ከፍታው ከሜዳው 1.7 ሜትር ነው። የእያንዳንዱ ረድፍ ጥልቀት 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከፍታው ከታች እስከ 30ኛው ረድፍ ወጥ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ስናስገባ 2ኛው ረድፍ 56 ሚሊ ሜትር ያገኛል። 20ኛው ረድፍ 29፣ 30ኛው ረድፍ 23 ሚሊ ሜትር ብቻ። አንድም ረድፍ 60 አይደርስም፤ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥርም እየባሰ ይሄዳል።

የዚህን ውጤት ስታዲየም የሚገባ ሁሉ ያውቀዋል። ኳስ ወደ ቅርቡ መስመር ስትጠጋ አንዱ ይነሳል። ከኋላው ያለው ስለተጋረደበት እሱም ይነሳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትሪቡኑ በሙሉ ቆሞ ያያል፤ ሕፃናት፣ አጫጭር ሰዎች፣ አረጋውያንና ለረጅም ጊዜ መቆም የማይችሉ የፊታቸውን ሰው ጀርባ ሲያዩ ይውላሉ። ከዚያም «ተቀመጥ፣ አልቀመጥም» የሚለው ጭቅጭቅ ይከተላል። ይህን ጠብ የተመልካች ሥነ ምግባር ችግር አድርጎ መውቀስ ተለምዷል። እኛ ግን መነሻው የረድፉ ከፍታ ነው እንላለን።

ወጥ ከፍታ የተመረጠበት ምክንያት ይገባናል፤ ሁሉንም ረድፍ በአንድ ዓይነት ፎርምወርክ (አርማታ በሚፈስበት ቅርጽ) መሙላት ይረክሳል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ረድፍ የተለየ ቅርጽ ማውጣትም አያስፈልግም። ከፍታውን በየ5 ረድፉ እየለወጡ መሄድ የተለመደ አሠራር ነው፤ ለ30 ረድፍ 6 ዓይነት ቅርጽ ይበቃል። በእናንተው ርቀትና ጥልቀት 90 ሚሊ ሜትር ለማግኘት የታችኛው ረድፍ ከፍታ ከ18 እስከ 19 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው ደግሞ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ያን ጊዜ 30ኛው ረድፍ አሁን ካለበት በ2.4 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። 60ን ብቻ እንያዝ ቢባል እንኳ 1 ሜትር መጨመር ግድ ነው። ትሪቡኑ ከመጠን በላይ ቆመ እንዳይባል፣ ከላይ ያለው ዝንባሌ ከ19 ዲግሪ አይበልጥም፤ በብሪታንያ የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት መመሪያ የተፈቀደው ጣሪያ 34 ዲግሪ ነው። የረድፉ ከፍታ ከ19 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ በመወጣጫ መተላለፊያው ላይ ለሁለት እኩል ደረጃ መከፈል አለበት። እኩል ካልሆነ ሰው ሲወርድ እግሩ የለመደውን ከፍታ አጥቶ ይወድቃል።

በሜዳው ዙሪያ የተሳለው የመሮጫ መም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የ400 ሜትር መም ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የኩርባው ራዲየስ 36.5 ሜትር ነው። ስለዚህ በመሙ ውስጥ ያለው ቦታ 157.39 ሜትር ርዝመትና 73 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ መካከሉ ላይ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዳቸው 1.22 ሜትር የሆኑ 8 መሮጫዎች ተጨምረው በጎን በኩል 12 ሜትር ያህል፣ ከጎል ጀርባ ግን 36 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈጠራል። በንድፋችሁ ከጎል ጀርባ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ 38 ሜትር ላይ ይጀምራል። በዚያ ትሪቡን 30ኛው ረድፍ መካከል የተቀመጠ ሰው ከማዶው ማዕዘን ባንዲራ 170 ሜትር ገደማ ይርቃል። ለጥሩ እይታ የሚመከረው እስከ 150 ሜትር ነው። መሙ ቢነሳና የመጀመሪያው ረድፍ ከጎል መስመሩ 10 ሜትር ላይ ቢጀምር ርቀቱ ወደ 142 ሜትር ይወርዳል።

አትሌቲክስ ሜዳ እንዳያጣ እኛም እንፈልጋለን። የራሱ የሆነ፣ ተመልካቹን ከመሙ ጠርዝ የሚያስጠጋ አነስ ያለ ሜዳ ቢሠራለት ሁለቱም ስፖርቶች ይጠቀማሉ። መሙ ሲነሳ ተመልካቹ ስለሚቀርብ ረድፎቹ ከላይ ካሰላነውም የበለጠ መቆም እንዳለባቸው አማካሪው ያውቃል፤ ስሌቱ እንደገና ይሠራ።

እይታውን ጨርሶ የሚያበላሽ ሌላም ነገር ተስሏል፦ በተመልካቹና በሜዳው መካከል፣ ከመጀመሪያው ረድፍ 1.5 ሜትር ፊት የሚቆም 2.2 ሜትር ቁመት ያለው የሽቦ አጥር። 30ኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ቅርቡ የጎን መስመር ሲያይ የእይታው መስመር አጥሩ ያለበትን ቦታ በ2.14 ሜትር ከፍታ ያቋርጣል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረድፍ ያለ ሰው ሁሉ ቅርቡን መስመር በሽቦ ቀዳዳ ያያል ማለት ነው። ወደ ጎን አዙሮ ወደ ጎሉ ሲያይ ደግሞ ሽቦዎቹ ስለሚደራረቡበት ግድግዳ ይሆኑበታል።

አጥሩ ከእይታም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም በተከሰተው መጨናነቅ 97 ሰዎች ሞተዋል፤ የተጨናነቀው ሰው ወደ ሜዳው እንዳይወጣ ያገደው አጥር ነበር። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ትልልቅ ስታዲየሞች እንዲህ ያሉ አጥሮች ተነሥተዋል። በምትኩ 1.1 ሜትር ቁመት ያለው መከለያ ከሜዳ አስተናጋጆች ጋር በቂ ነው፤ ወደ ሜዳው አቅጣጫ የሚከፈቱ፣ በቁልፍ የማይዘጉ በሮች በየመተላለፊያው ትይዩ ይኑሩት። ይህ መከለያ የመጀመሪያው ረድፍ ተመልካች እንኳ ወደ ጎን መስመሩ ሲያይ አይጋርደውም።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ፀሐይ፣ ዝናብና ጣሪያ ነው። ዋናው በር ለመንገዱ ፊት እንዲሰጥ ተብሎ የሜዳው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል። ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ የምሥራቁን ጎል የሚጠብቀው ግብ ጠባቂና ከኋላው ያለው ትሪቡን በሙሉ ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣሉ። ሜዳ በተቻለ መጠን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘረጋል፤ ትልቁ ትሪቡንም ከሰዓት በኋላ ለምትመጣው ፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ በምዕራብ በኩል ይቆማል። ቦታው ወደ ካሬ የተጠጋ በመሆኑ ማዞር ይቻላል። በምሥራቅ በኩል የሚቀረው ትሪቡን ጣሪያ ቢኖረውም ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ማስቀረት ስለማይችል ከወንበሩ ብዛት አነስተኛው ድርሻ ወደዚያ ቢሄድ ይሻላል። የጥላው ጥናት በቀትር ሳይሆን ጨዋታ በሚደረግበት ሰዓት፣ በየወሩ ተሠርቶ ይቅረብ።

ጣሪያው ለክቡር ትሪቡንና ለጎረቤቱ ብቻ ተስሏል። እሱም ቢሆን የሚሸፍነው የኋላውን ግማሽ ነው። ጣሪያ የተሳለለትን ክፍል እንኳ በቅርበት ብናየው፣ ጫፉ ከሥሩ ካለው ረድፍ 12 ሜትር ከፍ ይላል። ንፋስ ዝናቡን 30 ዲግሪ ቢያዘነብለው ውሃው ከጣሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ 7 ሜትር ያህል ይገባል፤ ከ8 ረድፍ በላይ «ጣሪያ ሥር» ተብሎ ቲኬት ተሸጦለት ይበሰብሳል ማለት ነው። ስለዚህ ጣሪያው ዝቅ ይበል፣ ጫፉም ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት አልፎ ይውጣ። በጫፉ ላይ አሸንዳ ካልተደረገ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በአንድ መስመር ያሉትን ወንበሮች ሲደበድብ ይውላል። አንድ ንጣፍ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ በፀሐይ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል፣ በዝናብ ጊዜም ድምፅ ማጉያው አይሰማም፤ ከሥሩ የሙቀትና የድምፅ መከላከያ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ከኋላ ባለው የመጨረሻ ረድፍና በጣሪያው መካከል የተተወው ክፍተት ነፋሻ አየር ቢያስገባም፣ ማዕበል ሲነሳ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይል ስለሚጨምር መዋቅሩ በዚያ ልክ መሰላቱን ማየት እንፈልጋለን። ለሣሩ ብርሃን እንዳይጎድል የጣሪያው የፊት ጫፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ንጣፍ ይሠራ።

ሦስተኛ፣ ወንበሩ። 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት የተሰጠው ወንበር የአዋቂ ትከሻ አይበቃውም፤ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ይላል። የምንጠይቀው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መደገፊያ ነው። በአንድ ረድፍ 42 ወንበር መደርደሩም አይሆንም፤ በሁለቱም ጫፍ መተላለፊያ ላለው ረድፍ ገደቡ 28፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ላለው 14 ነው። መካከል የተቀመጠ ሰው ለመውጣት 20 ሰው ማስነሳት ካለበት፣ በየጊዜው የሁሉም እይታ ይቋረጣል። መቀመጫው ሲነሱ ራሱ የሚታጠፍ ይሁን። ሲታጠፍ ማለፊያው ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ነጻ ይሆናል። የሚታሰርበት ቦታም ከእግር መርገጫው ላይ ሳይሆን ከኋላው ካለው የረድፉ ቋሚ ግንብ ላይ መሆን አለበት። ወለሉ ላይ የተቦረቦረ ብሎን ውሃ ወደ አርማታው ያስገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ለጽዳትም እንቅፋት ነው። ፕላስቲኩ የፀሐይ ጨረር መከላከያ የተጨመረበት ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ከሌለው ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። በተለይ ጥላ በማያገኘው በኩል ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አይመረጥ፤ ይፋጃል።

ይህ ሁሉ የወንበሩን ቁጥር እንደሚቀንስ እናውቃለን። ስፋቱ ብቻ ወደ 50 ቢያድግ 24,000 የነበረው ወደ 20,600 ይወርዳል፤ መተላለፊያዎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያንሳል። እንቀበለዋለን። ማየት የሚችሉ 20,000 ሰዎች ይበልጡብናል።

አራተኛ፣ መጸዳጃ ቤት። 6,000 ሰው ለሚይዘው ትሪቡን ለሴቶች 6 መቀመጫ ብቻ ተመድቧል። ከ6,000ው 1,500 ሴቶች ቢሆኑ፣ ለ1,000 ሴት 28 በሚለው የፊፋ ምክር 42 ያስፈልጋል። የእረፍቱ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው 2 ደቂቃ ቢቆይ አንዱ መጸዳጃ 7 ሰው ያስተናግዳል፤ 6ቱ በድምሩ 42 ሴቶችን። የቀሩት የሁለተኛውን አጋማሽ መጀመሪያ በሰልፍ ያሳልፋሉ፣ ወይም ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በቀጣይ ዓመታት የሴት ተመልካች ቁጥር ሲጨምር ግድግዳ ማፍረስ እንዳይመጣ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል እንደ ጨዋታው ተመልካች የሚዘዋወር መለያ ይደረግ። መግቢያና መውጫውም ይለያይ፤ በአንድ በር የሚገባና የሚወጣ ሰልፍ ራሱን ይዘጋል። የውሃ ጋኑ 10,000 ሊትር ነው የተባለው። ከ6,000ው ግማሹ አንድ ጊዜ ቢጠቀም፣ ለማጠቢያ 6 ሊትር፣ ለእጅ 1 ሊትር ሲታሰብ 21,000 ሊትር ይፈጃል። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ጋኑ ለተጠቃሚዎቹ ግማሽ እንኳ ሳይበቃ ባዶ ይሆናል፤ ሽታውም እስከ መቀመጫው ይደርሳል።

አምስተኛ፣ መግቢያና መውጫ። ሰው አንድ በአንድ የሚያሳልፈው ተሽከርካሪ የብረት በር በሰዓት ከ660 ሰው በላይ እንደሚያሳልፍ ተደርጎ አይታሰብም። 6,000 ሰው በ1 ሰዓት እንዲገባ 10 በር ያስፈልጋል፤ በንድፉ 5 ነው ያለው። መውጫው የበለጠ ያስፈራል። በደረጃ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 66 ሰው፣ በደልዳላ ወለል 82 ሰው ይታሰባል፤ ሁሉም ከመቀመጫው ተነስቶ ነጻ ቦታ የሚደርስበት ጊዜም ከ8 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። የእናንተ 4 መውጫ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 1.8 ሜትር ናቸው፤ በድምሩ 7.2 ሜትር። 6,000 ሰው ለማስወጣት ከ12 ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃሉ። አንዱ ቢዘጋ 17 ደቂቃ ይጠጋል። የሚያስፈልገው ቢያንስ 11.4 ሜትር ነው፤ አንዱ ሊዘጋ እንደሚችል ታስቦ ከዚያም በላይ። በሮቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ እንጂ ንድፉ ላይ እንደሚታየው ተንሸራታችና ተጠቅላይ መሆን የለባቸውም፤ ሰው ከተደገፈባቸው አይከፈቱም። እ.ኤ.አ. በ1971 በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም 66 ሰዎች የሞቱት ጨዋታ አልቆ በመውጫ ደረጃ ላይ ነው፤ በ2022 በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም 8 ሰዎች የሞቱት ደግሞ መግቢያ በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ነው። ሁለቱም ከመቀመጫው ውጭ ነው የሆኑት፤ እናንተ ደግሞ ትንሹን ቦታ የሰጣችሁት ለዚሁ ክፍል ነው።

ስድስተኛ፣ አካል ጉዳተኞች። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡ ተመልካቾች የተመደበው ቦታ በአጥሩና በመጀመሪያው ረድፍ መካከል ያለው የ1.5 ሜትር ስፋት ነው። የዓይናቸው ከፍታ ከመሬት 1.15 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊታቸው ሽቦ፣ ከሽቦው ማዶ ፖሊስ፣ ፎቶ አንሺና የሚያሟሙቅ ተጫዋች። ጣሪያ የለም፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ኋላ መሸሽ አይችሉም። አብሯቸው የመጣ ሰው የሚቀመጥበትም አልታሰበም። ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ 90 በ140 ሳንቲ ሜትር ቦታ፣ ከጎኑ የአጃቢ ወንበር፣ ከጣሪያ ሥር፣ በመካከለኛው መተላለፊያ ደረጃ ላይ፣ በአራቱም ትሪቡን ተከፋፍሎ ይሰጥ። ከፊት ያለው ሰው ቢቆም እንኳ ከአናቱ በላይ ማየት እስኪችሉ መድረኩ ከፍ ይበል። የሚወስደው ተዳፋት በ12 ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መነሳት የለበትም፤ መጸዳጃውም እዚያው ደረጃ ላይ ይሁን።

ስለ ድምፅና መብራት ባጭሩ፦ ድምፅ ማጉያዎቹ በሁለት ማዕዘን ብቻ ተከማችተዋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 150 ሜትር ለመድረስ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል፤ ከሁለቱ የሚመጣው ድምፅ ተደራርቦ የአደጋ ጊዜ ማስታወቂያ አይለይም። ትናንሽ ማጉያዎች በየጣሪያው ሥር ይከፋፈሉ። የደረጃዎችና የመውጫዎች መብራት በባትሪ የተደገፈ ይሁን፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሰው በጨለማ ደረጃ ላይ መቆም የለበትም።

በመሆኑም የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የአራቱም ትሪቡኖች የቁም ቁራጭ ንድፍ (ትሪቡኑ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየው) የእያንዳንዱ ረድፍ የሲ ቫልዩ ተጽፎበት፣ ከማዕዘን አካባቢ ያሉ መቀመጫዎችም ተካተው ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ይህ እስኪሆን የትሪቡኖቹ መሠረትና የረድፍ አርማታ አይሞላ። ከዚያ በፊት በተስተካከለው ልክ ቢያንስ 4 ረድፍ በእንጨትና በስካፎልዲንግ ሙሉ መጠን ተሠርቶ፣ ቁመታቸው የተለያየ ሰዎች፣ ሕፃናትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ተመልካቾች ተቀምጠው ይሞክሩት። የሽቦ አጥሩ ከንድፉ ይውጣ። የመሮጫ መሙ ጉዳይ ከአትሌቲክስ ወገን ጋር ተነጋግረን እንደገና ይታይ። የሜዳው አቅጣጫ፣ የጣሪያው፣ የመጸዳጃውና የመውጫው ስሌት ታርሞ ይቅረብ። በንድፍ ገምጋሚ ኮሚቴው ውስጥ የደጋፊ ማኅበራት፣ የሴት ደጋፊዎችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ተወካዮች ድምፅ ይኑራቸው።

ስሌቶቻችንን ከነወረቀቱ ይዘን ከአማካሪው መሐንዲሶች ጋር ለመቀመጥ ዝግጁ ነን። የተሳሳትንበት ቁጥር ካለ በቁጥር ይታረም። በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የደጋፊ ማኅበራት የጋራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ አስተባባሪ
የሴት ደጋፊዎች ክፍል ተወካይ
የአካል ጉዳተኛ ተመልካቾች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ
ለአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ
ለግንባታ ተቋራጩ
ለሁሉም የደጋፊ ማኅበራት